የሳልትመር የበሰበሰ ምሰሶ

ሚኒስትሩ በእንጨት ምሰሶዎች ላይ የቆመውን የሳልትመርን የታደሰ የባሕር ላይ መድረክ ሊመርቁ ሦስት ሰዓት ሲቀራቸው፣ የከተማዋ ልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ ዴዝመንድ ፔል ከመድረኩ ሥር፣ አሸዋ ላይ፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ።

መርማሪ ሞሪን ታክሪ ሬሳውን ዞራ አየችው። ካፖርቱ ንጹሕ ነው። አጠገቡ ባለው ምሰሶ ላይ የሟቹ ሰንጢ እስከ እጀታው ተሰክቷል። በሁለት ጣቷ ብትስበው ከዳቦ እንደሚወጣ ወጣ።

«ከላይ ወድቆ ነው አሉ» አለች ድንች ጠባሿ ኢኒድ ክሬክ።

«ማን አለ?»

«ያ ዘናጭ አማካሪ፣ ቮስ። መንግሥት ያድናችኋል ብሎ የላከልን። ሁለት ዓመት ሙሉ ባነር ሰቀለልን! ፔልንም የእሱ አሽቃባጭ እያልኩ ስሰድበው ነበር። ትናንት ግን ‹እንጨቱ ደስ አላለኝም፣ ወርጄ አየዋለሁ› አለኝ።»

ሥራ ተቋራጩ ጋሬዝ ሆብሊ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። «እኔ ምን አውቃለሁ? ቀባ አሉኝ፣ ቀባሁ። የመድረኩን አጥር ዛሬ አንድ ሰዓት ላይ ጨረስኩ። አሁንም እርጥብ ነው።»

ጁልያን ቮስ ሰዓቱን አየ። «ሁለት ሰዓት ላይ አጥሩን ተደግፎ ከሩቅ አይቼዋለሁ። አዙሮት ይሆናል። እኔ አሸዋው ላይ ወርጄ አላውቅም። ይልቅ ምረቃው እንዳይስተጓጎል።»

ታክሪ ሦስቱንም ለሚኒስትሩ በተተከለው ድንኳን ሰበሰበቻቸው።

«አቶ ቮስ፣ እርጥብ ቀለም የተደገፈ ሰው ካፖርቱ ይነካል። የፔል አልተነካም። ስለዚህ አጥሩን አልተደገፈም፤ ከላይም አልወደቀም። ምሰሶውን በሰንጢ ሊፈትን ወረደ፤ እንጨቱም በስብሶ አገኘው። ‹መቶ ዓመት ይቆያል› ብሎ የፈረመው ማነው?»

ሆብሊ ወደ ቮስ ጠቆመ።

«ወርጄ አላውቅም ብለዋል፤ ሱሪዎ ጫፍ ላይ ግን የባሕር አረም ተለጥፏል። የሚበቅለው ምሰሶዎቹ ላይ ብቻ ነው። ፔል ለሚኒስትሩ እነግራለሁ ሲልዎ በድንጋይ መቱት።»

ቮስ ጎንበስ ብሎ ሱሪውን አየ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጦ ነበር።

«ይቺ ከተማ እኮ ድሮ የሞተች ናት!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ቢያንስ ቀለም ቀባኋት!»

ታክሪ እጁን በካቴና አሰረችው። «አንድ ሐቀኛ ሰው ነበራት» አለች፤ ዳግም ልታየው አልፈለገችም።

አምቡላንሱ ገና አልደረሰም። ኢኒድ ከድግሱ ጠረጴዛ ላይ ነጩን ጨርቅ ከነኬኩ ጎትታ ገፈፈችና፣ ፔልን ልታለብሰው ወደ አሸዋው ወረደች።