ከፎቶው ጋር ያልታሰረ ስም

ሐሙስ መጋቢት 5 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነበር። ትርንጎ ሙላቴ በደብረ ታቦር ገበያ ጥግ ባለችው የሙባረክ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጣ የመጨረሻውን ስላይድ ታስተካክላለች። ኮምፒውተር ትምህርት ቤት ገብታ አልተማረችም፤ ሙባረክ ሲሠራ እያየች፣ እያበላሸች እያስተካከለች የለመደች ናት።

ስላይዱ ለዕርቅ ስብሰባ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሙሉቀን የሚባል ሰው፣ በእርሻ ድንበር ተጣልቶ፣ ጎረቤቱን ይሻውን በመጥረቢያ አንገቱን ብሎ ገድሎታል። ፍርዱን ጨርሶ ወጥቷል። በእኛ አገር ግን መንግሥት የፈታውን ሰው ደም አይፈታውም። የትርንጎ አባት አያ ሙላቴ በሁለቱ ወገኖች መካከል ሁለት ዓመት ሙሉ በእግራቸው ተመላልሰው ነገሩን ከዚህ አድርሰውታል። የቀረው አንድ መሐላ ነው፤ የሚምለውም የሟች ታላቅ ወንድም ሞላ ነው። ሞላ በልጅነቱ ወደ መተማ ወርዶ እዚያው የቀረ ሰው ስለሆነ፣ ገዳዩንም አስታራቂውንም በመልክ አያውቃቸውም።

በስላይዱ ላይ ሦስት ፎቶ በተርታ ተቀምጧል፦ ሟቹ ይሻው፣ ገዳዩ ሙሉቀን፣ መጨረሻ ላይ አያ ሙላቴ። ከየፎቶው ሥር ስምና ማንነት ተጽፏል።

ስብሰባውን ያዘጋጀው የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ በላይነህ ከትከሻዋ በላይ አየና፣

“ምነው ትርንጎ፣ አባትሽን ከዳር ጣልሻቸው? ሽማግሌ መሐል ነው የሚቀመጥ። ገዳዩን ወደ ዳር ግፊው” አላት።

ትርንጎ የአባቷን ፎቶ ጎትታ መሐል አደረገች፤ የሙሉቀንን ወደ ዳር ወሰደች። ስሞቹ ባሉበት ቀሩ።

ሙባረክ ወረቀት እያባዛ ነበር፤ ዞር ብሎ፣ “ፎቶውንና ጽሑፉን አንድ ላይ ያዢና ግሩፕ አድርጊያቸው እያልኩ ስንቴ ልንገርሽ? አለዚያ ፎቶው ሲሄድ ስሙ ይቀራል። ያልተጠመዱ በሬዎች አንድ ፈር ይወጣሉ?” አለ።

“ወይ ሙባረክ! ኮምፒውተሩንም ሞፈር አስያዝከው?” ብሎ ሳቀ በላይነህ። “ደግሞ አያ ሙላቴን ለማወቅ ስም ያስፈልጋል? እዚህ አገር ማን ማንን አያውቅም! በይ እጠፊውና እንሂድ፣ እንግዶቹ ደርሰዋል።”

ትርንጎ ‘ስሞቹን እዚያ ስደርስ አዛውራቸዋለሁ’ ብላ የሙባረክን ላፕቶፕ አጥፋ ተነሣች። አዳራሹ ስትደርስ ፕሮጀክተሩ እንቢ አለ። ሽቦ ስትነቅል፣ ሽቦ ስትሰካ፣ ያሰበችው ነገር ከልቧ ወጣ።

በሩ ላይ ጠመንጃ ሁሉ ተለቀመ። ዱላ ግን አልተነካም፤ ዱላ የወንድ እጅ ነው ተብሎ። ሞላ በዚያው ንጋት ከመኪና ወርዶ፣ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ፣ ከአጎቱ ጎን ሦስተኛው መስመር ላይ ተቀምጧል። አያ ሙላቴ መድረክ ላይ ከእንግዶቹ ጋር ናቸው።

ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ነጭ አንሶላ ላይ ሥዕሉ በራ። ሞላ መተማ በማታ ትምህርት ፊደል የቆጠረ ሰው ነው፤ በዝግታ ያነባል። የወንድሙን ፎቶ አየ፤ ዓይኑ ቀላ። ወደ መሐሉ ዞረ። “ሙሉቀን… ነፍስ ያጠፋ” ይላል። ከጽሑፉ በላይ ያለው ሽበታም ሰውዬ ደግሞ ያው መድረክ ላይ፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ለእንግዳ ፈገግ ይላል።

“ወንድሜን አርዶ የክብር ወንበር?” አለ ሞላ።

አጎቱ “የቱን ነው የምትል?” እስኪሉ ድረስ እሱ መድረኩ ላይ ነበር።

አያ ሙላቴ ሰውዬው ሊስማቸው የመጣ መስሏቸው እጃቸውን ዘረጉ። የመጀመሪያው ምት የዘረጉትን እጅ ሰበረው። አጥንቱ ሲሰበር ከኋላ ተቀምጣ የነበረችው ትርንጎ ድረስ ተሰማ። ሁለተኛው ራሳቸውን አገኘ። ሦስተኛውንና አራተኛውን መሬት ላይ ወድቀው ሳለ ነው የመታቸው። ደሙ አንሶላው ላይ፣ ሥዕሉ ላይ ተረጨ። ሰዉ ግር ብሎ ወጣና ሞላን በዱላ ወቀጠው፤ ጥርሱ ረገፈ፣ አንድ ዓይኑ ፈሰሰ።

“ሽማግሌውን! አስታራቂያችንን ገደልከው!” እያሉ አጎቱ ፊታቸውን ነጩ።

ሞላ ከእግር ሥር ሆኖ በደም የተነከረ ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ። “ተጽፏል እኮ! አንብቡት! ተጽፏል!”

ሰው ሁሉ ቀና አለ። ትርንጎም ያን ጊዜ አነበበች።

አያ ሙላቴ ከአዳራሹ ሳይወጡ ሞቱ።

በማግሥቱ፣ ከቀብር መልስ፣ ድንኳኑ ውስጥ የአባቷ እኅት ደረቷን እየደቃች እንዲህ አለች፦

“አባትህ ሲወድቅ ከሰው መሐል፣
ሀብታሙ ጠመንጃህ ለማን ይሆናል?”

ሀብታሙ የትርንጎ ታላቅ ወንድም ነው። ጥይቱን አጉርሶ ተነሣ። “ሞላ እስር ቤት ነው” አለ፤ “አጎቱ ግን ቤቱ ነው።” የሚይዘው አልነበረም። የሚያውቁት ሽማግሌ ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ እንዲህ ባለው ቀን መሐል የሚገቡት አያ ሙላቴ ነበሩና።

ትርንጎ ላፕቶፑን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

“ዞር በይ!”

“አንድ ነገር ጎትትልኝና ከዚያ ትሄዳለህ።”

በሰደፍ አፏን መታት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ፤ ወደቀች። ተነሣች፣ ደሟን በነጠላዋ ጠረገች፣ ላፕቶፑን እዚያው መሬቱ ላይ ከፈተችው። ፎቶዎቹን እንደ መጀመሪያው መልሳቸው ነበር፤ አባቷ ከዳር፣ ስማቸውም ከሥራቸው።

“አባባን ወደ መሐል ጎትታቸው” አለችው።

ሀብታሙ ለምን እንደታዘዛት እሱም አያውቅም። ጠመንጃውን በአንድ እጁ እንደያዘ ተንበረከከና ሻካራ ጣቱን በላፕቶፑ መዳሰሻ ሰሌዳ ላይ አኖረ። የአባቱ ፊት ተንቀሳቀሰ፤ ሄደ፤ መሐል ደርሶ “ሙሉቀን፣ ነፍስ ያጠፋ” በሚለው ላይ ቆመ። “አያ ሙላቴ፣ አስታራቂ ሽማግሌ” የሚለው ከዳር ብቻውን ቀረ።

“ስማቸውስ?” አለ ሀብታሙ ቀስ ብሎ።

“ቀረ። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ሙባረክ ‘እሰሪው’ ብሎኝ ነበር፣ ቸኩዬ ተውኩት። ደም ከፈለግህ አጎትየው ጋ ምን አደረሰህ? እዚሁ ነኝ።”

አቶ በላይነህ ከለቀስተኛው መካከል ተነሥቶ፣ “ያስቸኮልኳትም የሳቅሁትም እኔ ነኝ” አለ። አልቃሿ አክስት እጇን ከደረቷ አወረደች። ሀብታሙ ግን ለረጅም ጊዜ ጣቱን ከሰሌዳው አላነሣም። የአባቱን ፊት ወደ ስማቸው መለሰው። ከዚያ ጥይቱን አንድ በአንድ አውጥቶ ለንስሐ አባታቸው ሰጠ።

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ኮምፒውተርን ለማማት አይደለም። የሰው ስምና የሰው መልክ አደራ ናቸው። በወረቀትም፣ በስላይድም፣ በአፍም ቢሆን፣ ከማንቀሳቀሳችን በፊት አንድ ላይ እንሰራቸው፤ ካንቀሳቀስን በኋላም መልሰን እንያቸው። ሥራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዱላ ያነሣህም ወንድሜ፣ የተጻፈውን አይተህ አትምታ፤ ጎንህ ያለውን ሰው ጠይቅ። የሞላ አጎት “የቱን?” ብለው ነበር። መልሱን ቢጠብቅ ኖሮ አያ ሙላቴ ዛሬ በሕይወት ይኖሩ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ደምን በደም እንመልስ የሚለው ልማድ ባይኖር፣ የተሳሳተ ስም ሰው ባልገደለ ነበር።

ሞላ አሥራ ስድስት ዓመት ተፈረደበት። ትርንጎ እስከ ዛሬ ከሙባረክ ጋር ትሠራለች። በጥር 2012 ዓ.ም. ሦስቱ ቤተሰቦች፣ የይሻው፣ የሙሉቀንና የአያ ሙላቴ፣ ዋርካ ሥር ተቀምጠው ታረቁ። ፎቶ አልታየም። እያንዳንዱ ሰው ተነሥቶ ስሙን በገዛ አፉ ተናገረ።