ሁለት መስመር ያወጣው ንጹህ ውኃ

ይህን ፈጠራ ነው የሚለኝ ካለ አልቀየመውም፤ እኔም ባይደርስብኝ ኖሮ እንደዚያው እል ነበር።

ግን ሆኗል። ለዚያውም በጠራራ ፀሐይ...

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ቦታው የምሠራበት የምግብ ምርመራ ላቦራቶሪ። መስኮቱ ሰፊ፣ ግድግዳው ነጭ፣ ለዓይን እንኳ የሚጨልም ጥግ የለውም።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ፋብሪካዎች ብስኩት፣ ቸኮሌት፣ የሕፃናት ምግብ ይልካሉ። እኔ ደግሞ ውስጡ አልሞንድ፣ ካሹ ወይም ሌላ የዛፍ ለውዝ አለመግባቱን አጣራለሁ። ከምግቡ ትንሽ ፈጭቼ በፈሳሽ እበጠብጥና ቀጭን የመመርመሪያ ወረቀት እነክርበታለሁ። አንድ ቀይ መስመር ከወጣ ንጹህ ነው። ሁለት ከወጣ ለውዝ አለበት።

ለብዙ ሰው ለውዝ ምንም አይደለም። ለታናሽ እህቴ ግን ሞት ነው። ቅንጣት ከነካት ታብጣለች፣ ጉሮሮዋ ይዘጋል። እናትና አባታችን ካለፉ ወዲህ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። እዚህ ሥራ የገባሁትም በእሷ የተነሳ ነው።

የዚያን ቀን ብስኩት እየመረመርኩ ነበር። ዕቃችን ንጹህ መሆኑን ለማወቅ ሁሌም ከምግቡ ጎን ለጎን ንጹህ ውኃ እንመረምራለን። መቼም ውኃ ለውዝ የለውም።

ብስኩቱ አንድ መስመር አወጣ።

ውኃው... ሁለት።

"ጉድ ፈላ! ውኃም ለውዝ መብላት ጀመረ?" አለ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ። ሳቂታው ነው የምንለው፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ቀልድ አያልቅበትም።

አዲስ ጠርሙስ ከፈትኩ። ጓንት ቀየርኩ። ደገምኩት።

ሁለት መስመር...

"የሆነ ቦታ ለውዝ ነክቶናል" አልኩ። እንዲህ ሲሆን ምንጩን መፈለግ ግድ ነው። በጥጥ እየጠረግን ዕቃውን ሁሉ መመርመር ጀመርን።

ጠረጴዛው ንጹህ። ሚዛኑ ንጹህ።

የወንበሬ መደገፊያ... ሁለት መስመር።

የበሩ እጀታ... ሁለት መስመር። ከወንበሩ ይልቅ የደመቀ።

ወደ ኮሪደሩ ወጣን። ግድግዳው ላይ፣ ልክ በእጅ ከፍታ፣ በየጥቂት እርምጃው ሁለት መስመር ይሰጣል። ከዚያ በላይም ከዚያ በታችም ንጹህ ነው። በራቅን ቁጥር መስመሩ እየደመቀ ሄደ።

አንድ ሰው ግድግዳውን እየዳበሰ አልፏል።

ሳቂታው ሳቁ ጠፋ።

"ከወንበርሽ ተነስቶ ነው የሄደው" አለኝ በሹክሹክታ።

"ማን?"

"እኔ ምን አውቄ..."

ምልክቱ እስከ ውጪው በር አደረሰን። ሽማግሌው ጥበቃችን ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። እኔን ሲያዩ ብድግ አሉ። ፊታቸው ልውጥ አለ።

"ልጄ... በየት በኩል ተመለስሽ?"

"ከየት ነው የምመለሰው፣ አባባ?"

"አሁን ወጣሽ እኮ! ሰላም ብልሽ ዝም ብለሽኝ አለፍሽ። አፍሽ ሙሉ ነበር... ታኝኪ ነበር።"

ሳቂታው ክንዴን ጭምቅ አደረገኝ። "አባባ፣ ከምሳ ጀምሮ ከአጠገቤ ንቅንቅ አላለችም" አላቸው።

ሽማግሌው እኔን አዩኝ። መንገዱን አዩ።

"ወደ ቤትሽ ነው የታጠፍሽው" አሉ ቀስ ብለው።

ቤቴ ቅርብ ነው። እህቴ ደግሞ ቤት ናት...

ደወልኩ። ወዲያው አነሳች።

"እትዬ?" ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። "ከየት ነው የምትደውይው?"

"ከሥራ። ምነው?"



"ኩሽና ነሽ እኮ" አለችኝ። "አሁን መጥተሽ... ጉንጬን ዳበስ አድርገሽኝ ኩሽና ገባሽ። ስታኝኪ ይሰማኛል።"



"ስሚኝ፣ ሚጣዬ። ምንም እንዳትቀምሺ። ድምፅ ሳታሰሚ ውጪ። አሁኑኑ!"

"እትዬ..."

"ወዬ።"

"ማኘኳን አቆመች።"

ስልኩ ተቋረጠ።

እንዴት እንደደረስን አላውቅም። ሳቂታው መኪናውን ይነዳል፣ እኔ ስሟን እጠራለሁ። ስንደርስ እህቴ ከደጅ ነበረች፤ ጎረቤታችን እማማ አቅፈዋታል። ከንፈሯ አብጧል። ትንፋሽዋ ያፏጫል።

ለእንዲህ ያለ ጊዜ ከኪሷ የማይለየውን የአለርጂ መርፌ አውጥቼ ጭኗ ላይ ወጋኋት።

ሳቂታው የአጥር እንጨት ይዞ ቤት ገባ። ወዲያው ተመለሰ።

"ማንም የለም" አለ። የኩሽናችን መስኮት ብረት አለው። በሩ ደግሞ አንድ ነው፤ እማማ ደግሞ ከፊቱ አልተነሱም።

"ምን በላሽ?" አልኳት።

"ምንም... ዳበሰችኝ እንጂ..."

ያኔ ነው ግራ ጉንጯን ያየሁት።

ቆዳዋ ላይ ቀይ እብጠት ወጥቷል። መዳፍ። አምስት ጣት።

የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት፣ በልጅነቴ በር ቆርጥሟት፣ ወደ ውጭ የተጣመመች ናት።

እብጠቱም ላይ ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ተጣማለች።

ሐኪም ቤት ወሰድናት። "ትንሽ ብትዘገዩ አትተርፍም ነበር" አለ ሐኪሙ። የጉንጯ እብጠት የእኔ እጅ ቅርጽ መሆኑን አልነገርነውም። ምን ብለን?

ሳቂታው ከላቦራቶሪ የመመርመሪያ ወረቀት አምጥቶ መዳፌን በጥጥ ጠርጎ መረመረልኝ። አንድ መስመር። ንጹህ ነኝ። ቢሆንም የገዛ እጄን ፈራሁት። ጓንት አጠለቅኩና አላወልቅም አልኩ። አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሳቂታው ወንበሩን በሩ ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። ዓይናችንን ሳንከድን አነጋን፤ ማንም አልገባም።

ረፋድ ላይ ፀሐይ አልጋውን ሞላችው። የግራ ጉንጯ እብጠት ሙሽሽ ብሎ ጠፍቷል። ከሳቂታው ጋር ተያየን፤ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

እህቴ በእንቅልፍ ልቧ ተገላበጠች።

"እጅሽ እንዴት ይሞቃል፣ እትዬ" አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

እጆቼ ጉልበቴ ላይ ነበሩ። በጓንት እንደተሸፈኑ።

ሳቂታው ከወንበሩ ተነሳ።

ሁለታችንም እያየነው... ቀኝ ጉንጯ ላይ ቀይ ነገር ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ አውራ ጣት። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌላው...

ይኼኛው የግራ እጅ ነው።