ሻጋታ ያልነካው መስመር

ጡረታ የወጡት አዋላጅ መታጠቢያ ቤታቸው ውስጥ ሞተው ሲገኙ፣ መፈተጊያ ብሩሹ ከእጃቸው አልወደቀም ነበር። ባልዲው ውስጥ አሲድ ነበረበት፤ እሳቸው ሳያዩ በረኪናቸውን ሲጨምሩበት የተነሳው ጋዝ ደካማ ሳንባቸውን አፈነው። በሩ በእርጥበት አብጦ በትከሻ ካልገፉት አይከፈትም። መስኮቱም ዝግ ነበር።

አሲዱን የገዛችው ምራታቸው ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአማቷ ጋር የምትኖረው ይህች ሴት፣ ጣት ሁሉ ወደሷ መዞሩ ገብቷታል። ብታሰር ልጄን ማን ያሳድግልኛል እያለች ሕፃኗን ከደረቷ አላወረደችም።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ዱቄቱን አሳልፋ ጠጠሩን ታስቀራለችና።

«አሲዱን ባልዲው ውስጥ ማን ጨመረው?»

«እኔ አይደለሁም። ለሽንት ቤቱ ገዝቼ በረንዳ ላይ ነው ያስቀመጥኩት» አለች ምራቲቱ። «እማማ በየጠዋቱ ሻጋታ ሲፈትጉ ደግሞ መስኮቱን ወለል አድርገው ነው።»

የሟቿ የእህት ልጅ፣ ቀለም ቀቢው፣ አቋረጣት። «አክስቴ ብርድ ትፈራለች፤ ያንን መስኮት ከፍታው አታውቅም። እኔ እንኳ ጓሮውን ከረገጥኩ ወራት ሆኖኛል።»

«እኔ ተከራይ ነኝ» አለ በግቢው አንድ ክፍል የሚኖረው መምህር። «የሰው መታጠቢያ ቤት አልሰልልም።»

ወንፊት ብቻዋን ገባች። ጣሪያው ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል። መስኮቱ ዙሪያ ያለው ግድግዳ ግን ደረቅና ንጹሕ ነው። ቀጥላ ወደ ጓሮ ዞረች። የመስኮቱ ጣውላ በውጭ በኩል ዝናብ እየመታው ሻጋታ ለብሷል፤ በዳር ዳሩ ግን ሁለት ጣት የሚያህል ንጹሕ መስመር ይዞራል። ሰው ሁሉ ቆሻሻውን ሲያይ እሷ ንጹሑን አየች።

ሦስቱንም መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሰብስባ የወረቀት ፕላስተር ሰጠቻቸው። «ጋዙ እንዳይወጣ በሩን እናሽጋለን። እስቲ አንዳንድ ማዕዘን ያዙ።»

ምራቲቱ በጥርሷ በጠሰችው። መምህሩ አንዱን ባንዱ ላይ ደራረበው። ቀለም ቀቢው ግን ከኪሱ ምላጭ አውጥቶ ማዕዘኑን በሰያፍ ቆረጠና ጫፍ ለጫፍ ገጠመው።

«ይበቃል» አለች ወንፊት። «ሻጋታ ነፋስ ያለበትን አይወድም። መስኮቱ ዙሪያ ሻጋታ የለም፤ ስለዚህ በየቀኑ ይከፈት ነበር። ዛሬ ግን አንድ ሰው አሲዱን ባልዲው ውስጥ አድርጎ መስኮቱን እንዳይከፈት ከውጭ በፕላስተር አሸገው። እሳቸው ከሞቱ በኋላ ሲልጠው የጣውላው ሻጋታ አብሮ ተነሳ። መስመሩ ማዕዘኑ ላይ ልክ እንደዚህ በሰያፍ ይገናኛል።» ወደ ቀቢው ዞረች። «መስኮቱ አይከፈትም ብለህ ዋሸኸኝ፤ እጅህ ግን መዋሸት አልለመደም።»

ቀቢው ምላጩን መሬት ላይ ጣለው። «አሳድጋኝ ስታበቃ ቤቱን ለዚህች ባዳ ልታወርስ ነበር» አለ። «ብትታሰር ልጇም ቤቱም በኔ እጅ ይቀሩ ነበር።»

ምራቲቱ ቀና ብላ አየችው። «እማማን፣ ይህን ሻጋታ በየጠዋቱ መፈተግ አይሰለችዎትም ወይ ብያቸው ነበር። አንተ ልጅ ሆነህ ደረትህን ያምህ እንደነበር ነገሩኝ። ስታስል ሰምተው ላንተ ብለው የጀመሩት ነው።»

ቀለም ቀቢው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። የፕላስተሩ ቁራጭ አውራ ጣቱ ላይ እንደተለጠፈ ነበር።