በውስጥ ጎኑ ያለቀ ጫማ

«የማን ጫማ ነው ይሄ? ባለቤቱን ወገቡን ሳያመው አይቀርም» አለ አጎቷ፣ ከደጃፉ ላይ አንዱን አንስቶ እያገላበጠ።

ልጅቷ ትራስ ከወገቧ ስር ሸጉጣ ሶፋው ላይ ተጋድማለች። ጫማው የእሷ ነው፤ የሚያመውም እሷን ነው። ዛሬም ከመረብ ኳስ ልምምድ አቋርጣ ወጥታለች። አሰልጣኟ ደግሞ «ነገም ከተቀመጥሽ ቅዳሜ አትሰለፊም» ብለው ቁርጡን ነግረዋታል። ቢሆንም ለዚህ ጫማ ሰፊ አጎቷ መልስ መስጠት አላሰኛትም። ጣቶቹ ላይ የደረቀውን ማስቲሽ እንኳ ሳይፍቅ ሰው ቤት ይገባል!

«ደግሞ ሐኪም ሆንክልን?» አለች ከንፈሯን አጣማ።

«ሐኪምስ አይደለሁም። ግን እዪው፣ ሶሉ በውስጥ ጎኑ ብቻ ተበልቷል። በይ ተነሺ፣ እግርሽን አርጥቢና ሲሚንቶው ላይ ቁሚ።»

እያጉረመረመች ቆመች። ዱካዋ መሃሉ ሳይጎድል ድፍን ብሎ ታተመ። ታናሽ ወንድሟ «ዳክዬ!» ብሎ በሳቅ ፈረሰ።

«እግርሽ ጠፍጣፋ ነው» አለ አጎቷ። «እግር ወደ ውስጥ ሲያዘነብል ጉልበት ይከተለዋል፣ ዳሌም ይከተላል፤ ከዚያ ሸክሙ ወገብ ላይ ያርፋል። የሁሉም ሰው ሕመም ከእግር ነው አልልም። ካልተሻለሽ ሐኪም ቤት ነው።»

ከቆዳና ከስፖንጅ ትንሽ ድጋፍ ቆረጠላት። ጓደኞቿ ሁሉ የሚያደርጉት ዓይነት ስስ ሸራ ጫማዋ ውስጥ ግን አልገባ አለ። ከከረጢቱ በእጁ የሰፋውን ሰፊ ቡናማ ጫማ አወጣ።

«ይሄን? የፋራ ጫማ! ሞቼ ነው የማደርገው!»

አጎቷ መሣሪያዎቹን ቀስ ብሎ ሰበሰበ። «ባለፈው ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ስጠራሽ ለጓደኛሽ ‹አላውቀውም› ስትያት ሰምቻለሁ። እኔን አላውቀውም ማለት ትችያለሽ። ወገብሽን ግን አትችዪም።»

ወጥቶ ሄደ። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ ጠዋት ጓደኛዋ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቁልቁል ቡናማውን ጫማ አየችና አፏን ያዘች። «ውይ! ይሄን ታንክ ከየት አመጣሽው? ያ ማስቲሻም ጫማ ሰፊ ነው እንዴ የሸጠልሽ?»

ጫማ ሰፊው ከመንገዱ ማዶ አንገቱን ደፍቶ ይሰፋል። ቀና አላለም።

ልጅቷ ጓደኛዋን ከእግር እስከ ራስ አየቻት። ከዚያ መንገዱን ተሻግራ ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ቁጭ አለችና እግሯን ዘረጋች።

«አጎቴ!» አለች፣ ማዶ ድረስ እንዲሰማ አድርጋ። «የግራው ትንሽ ይቆረቁረኛል።»