ከክሊኒኩ የተመለሰችው እህቴ

ለሰው በነገርኩ ቁጥር "ህልም አይተሽ ነው" እባላለሁ። ሰለቸኝ!

ህልም አልነበረም። በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እኔና ታናሽ እህቴ በምንማርበት አዳሪ ትምህርት ቤት የሆነ ነገር ነው። ያመነ ይመን።

እህቴን ቤት ውስጥ "ቁንጫ" ነው የምንላት። አንድ ቦታ አትቀመጥማ! ስትበላ ትወዛወዛለች፣ ስትተኛ ትራገጣለች፣ ማውራት ከጀመረች ደግሞ ማንንም አታስተነፍስም።

አንድ ቀን አተኮሳት። ሲስተር የምንላት የትምህርት ቤቱ ነርስ መጥታ ፎቅ ላይ ወዳለው ክሊኒክ ይዛት ወጣች።

በማግስቱ ተመለሰች።

ፀጥ ብላ...

ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። እግሯ አይወዛወዝም። ሾርባው ይጨሳል፣ እሷ ግን እፍ እንኳን ሳትል ትጠጣለች።

"አያቃጥልሽም?"

"ደህና ነው። አመሰግናለሁ።"

አመሰግናለሁ?! ቁንጫ? ለእኔ?

ቀና ብዬ አየኋት። ከብስክሌት ወድቃ የተረፋት ጠባሳ ግራ ጉንጯ ላይ ነበር...

አሁን ቀኝ ጉንጯ ላይ ነው።

ማንኪያዬን ጥዬ ወደ ማደሪያችን ተቆጣጣሪ ሮጥኩ።

"ይቺ እህቴ አይደለችም!"

"ምን ሆነሻል አንቺ? ገና አሁን ሰው ሆነችልን ብለን ደስ ሲለን!"

"ጠባሳዋ ዞሯል እኮ!"

"ሂጂ፣ ፊትሽን ታጠቢ።"

ርዕሰ መምህሯ ጋ ገባሁ። ፈገግ ብላ ሰማችኝ። ፈገግ ብላ በሩን ከፈተችልኝ። በቃ!

እናቴ ጋ ደወልኩ።

"እኔም አናገርኳት እኮ፣ እንዴት ጨዋ ሆናለች! ምናለ አንቺም እንደሷ ብትሆኚ?"

ደሜ ፈላ። ሰው እንዴት የወለዳትን ልጅ አያውቅም? ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ብለፈልፍም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ።

ትምህርት ሲዘጋ እናታችን ልትወስደን መጣች። ግቢው ውስጥ ያቺን ልጅ ጥምጥም አለችባት። ልጅቷ እጇን እንኳን አላነሳችም።

"እማዬ፣ ጠባሳውን እዪው! ብቻ አንዴ እዪው!"

"ሁሌም እዚያው ነበር።"

"አልነበረም!"

"በቃሽ! ሰው ፊት አታዋርጂኝ። ቅናት ነው ይሄ።"

ቅናት! አልቅሼም አልወጣልኝ። ጥያቸው ደረጃውን ወደ ክሊኒኩ ሮጥኩ።

በሩ ክፍት ነው። አልጋዎቹ ተነጥፈዋል። ማንም የለም።

"ቁንጫ!"



ከዚያ ከግድግዳው ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ዷ... ዷ... ዷ...

የሚራገጥ እግር!

ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

"ቁንጫ?" አልኩ በሹክሹክታ።

ድምፁ ቆመ።

"...እታለም?"

እሷ ናት። "እታለም" የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። ያቺኛዋ አንድ ቀን እንኳን ብላኝ አታውቅም።

"አለሁ! በየት ገባሽ? ንገሪኝ!"

"ሂጂ..."

"ጥዬሽ አልሄድም!"

"እታለም፣ ሂጂ... ከኋላሽ ናት።"

ዞርኩ።

ሲስተር ቆማለች። በእጇ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዛለች።

"ላብ በላብ ሆነሻል የኔ ልጅ። ትንሽ ጠጪ።"

"እህቴን የት አደረግሻት?!"

ትከሻዬን ያዘችኝ። እጇ በረዶ ነው...

ከዚያ በኋላ ትዝ የሚለኝ የእናቴ ድምፅ ነው።

"ነቃሽ? ደክሞሽ ነዋ እንደዚያ ስትነጫነጪ የነበረው።"

መኪና ውስጥ ነኝ። ሞተሩ ተነስቷል፣ ከግቢው እየወጣን ነው። ያቺ ልጅ አጠገቤ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች።

"እማዬ አቁሚ! ቁንጫ እዚያ ቀርታለች! ግድግዳው ውስጥ ናት!"

"ጀመራት ደግሞ!" አለችና ማርሽ ቀየረች።

በንዴት መቀመጫውን በቡጢ ነረትኩት። ዞሬ በኋላው መስታወት ወደ ሕንፃው አየሁ።

የክሊኒኩ መስኮት ላይ ቁንጫ ቆማለች። መስታወቱን በሁለት እጇ ትደበድባለች። ድምፅ ግን አይሰማም።

ብቻዋን አይደለችም።

አጠገቧ አንዲት ልጅ አለች። ልክ እኔ የለበስኩትን ሹራብ ለብሳለች። አፏን በሰፊው ከፍታ፣ ወደ እናቴ መኪና እየጠቆመች ትጮኻለች...

ፊቷ የእኔ ነው።