የተሰነጠቀው ቸርኬ

ማክሰኞ፣ የካቲት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር። ለቡ ውስጥ፣ ከባሕር ዛፉ ደን ሥር፣ የስብሰባ ደወል ተደወለ፤ ደዋዩ አልተገኘም።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ እኔ ደግሞ ያኔ በጋዜጠኝነት ብዙ ዓመት የቆየሁ፣ ስለ መንፈስና ስለ ምልክት ሲወራ ማስታወሻ ደብተሬን የምዘጋ፣ ሁለት ሰው ካልመሰከረልኝ ዝናብ መዝነቡን እንኳ የማልጽፍ ሰው ነበርኩ፤ ስለዚህ የምነግርህን ያየሁትና የሰማሁት ብቻ ነው ብለህ ውሰደው።

የሄድኩት ስለ ችግኝ ተከላ ልጽፍ ነው። ከገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ዘበኛው ጋሽ ቱፋ ስለ ደኑ ያጫውቱኛል፣ በበጋ ደረቁ ቅጠልና ቅርፊት እስከ ጉልበት ይከመራል፣ ቤቶቹ ደግሞ፣ አብዛኞቹ የሣር ክዳን፣ ከዛፉ ጋር ተጣብቀው ነው የተሠሩት። የማኅበሩ ደወል ከግራሩ ላይ የሚንጠለጠል የመኪና ቸርኬ ነበር፣ ግን ተሰንጥቆ ድምፁ ስለሞተ ካወረዱት ወር አልፎታል፣ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉም ጋሽ ቱፋ አንገት ላይ ነው።

በመሃል ተደወለ። ሦስት ጊዜ፣ ዕረፍት፣ እንደገና ሦስት፤ የስብሰባ ጥሪ። እመነኝ፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፣ የመጣውም ከግራሩ ነው፣ ግራሩ ደግሞ ሃያ እርምጃ ያህል ከፊታችን፣ ባዶ ሽቦ ተንጠልጥሎበት ቆሟል። ሰዓቴን አየሁ። ጋሽ ቱፋ አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጡ።

«ሰማህ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ሰማሁ።»

«እንግዲያው አላበድኩም።»

ሰዉ ከየቤቱ እያጉረመረመ ግራሩ ወዳለበት ገላጣ ሜዳ መጣ፤ ከስብሰባ የቀረ ከማኅበሩ ሱቅ ስኳር ይከለከላል። ጨው ነጋዴዋ ወይዘሮ ዘይነባ፣ «ደግሞ በማክሰኞ! ልብሴን ዘፍዝፌ ነው የመጣሁት፣ ሊቀመንበሩ ይጠበዋ!» እያሉ ደረሱ። ሁለት ዓመት ከአልጋ ያልወረዱት እማማ ብርቄ እንኳ በልጃቸው ጀርባ ታዝለው መጡ። «በስሜ ጠሩኝ» አሉ። ልጃቸው የጠራ ሰው አላየም።

ሊቀመንበሩ ጸሐፊው የጠራ፣ ጸሐፊውም ሊቀመንበሩ የጠራ መስሏቸዋል። ጸሐፊው ግን በልማድ መዝገቡን አውጥቶ ስም ይጠራ ጀመር። ጨርሶ መዝገቡን ሲዘጋ ከደኑ ውስጥ ጭስ ታየ። ነፋሱ ዞረ፣ እሳቱ ከዛፍ ጫፍ ወደ ዛፍ ጫፍ እየዘለለ መጣ፣ እኛም ገላጣው ሜዳ ላይ ቆመን ቤቶቹ ተራ በተራ ሲያያዙ አየን።

ከዚያ ሊቀመንበሩ ወደ ጋሽ ቱፋ ዞረ።

«የደወለው ሰው እሳቱን ቀድሞ አውቋል። ቀድሞ ያወቀ ደግሞ ራሱ ለኩሷል። ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?»

በዚያ ዘመን በአሻጥር ተጠርጥሮ የተወሰደ ሰው መመለሱ አይታወቅም። የሽማግሌውን እጅ ወደ ኋላ አሰሩት።

«ሲደወል አጠገቤ ተቀምጠው ነበር» አልኩ።

«ታዲያ ማን ደወለ?»

«አላውቅም።»

«ጓድ፣ ጋዜጠኛ አይደለህ? እንዴት አታውቅም!»

«መጋዘኑን ክፈቱት።»

ተከፈተ። ቸርኬው ከማዳበሪያ ከረጢቶች ሥር ነበር፣ የሸረሪት ድር አድርቶበታል፣ ስንጥቁም እንዳለ ነው። ሊቀመንበሩ በዱላ መታው፤ ድው አለ እንጂ አልጮኸም። ደግሞ መታው።

«ይበቃል፣ አትምታው» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ በቀስታ።

ዱላውን አስቀመጠና የጋሽ ቱፋን እጅ ራሱ ፈታ።

ዜናው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ስለ ደወሉ የጻፍኩት ተቆርጦ ነበር፣ አልተከራከርኩም፤ ዛሬም ግን ብረት ሲመታ ከሰማሁ ሰዓቴን አያለሁ።

ያን ዕለት ከመመለሴ በፊት መዝገቡን አገላበጥኩ። በየስብሰባው ገጽ ግርጌ የቀሩት ሰዎች ስም ተደርድሯል፣ የታመመ፣ ገበያ የሄደ፣ ያኮረፈ። የማክሰኞው ገጽ የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፦

«የቀረ፦ የለም።»