የዴንቨሯ የአክስት ልጅ

«የአክስቴ ልጅ ናት!» አለ ናሁም፣ የልዕልትን እጅ እንደሚያቃጥል የድስት ክዳን ወርውሮ።

ልዕልት ስለማን እንደሚያወራ መጀመሪያ አልገባትም። ዞር ብላ ሁሉ አየች። ከኋላዋ ባሕሩና ኮኮናት የሚሸጥ ሰውዬ ብቻ ነው ያለው። ሶ፣ የአክስቱ ልጅ የተባለችው እሷ ራሷ ነች። ትናንት ከሴያትል ፖርቶ ቫያርታ እስኪደርሱ መንገዱን ሙሉ ትከሻው ላይ የተኛችው ፍቅረኛው!

ፊታቸው የቆሙት ጋሽ አበጀ ናቸው። የገለባ ባርኔጣ፣ ቁምጣ፣ ደግሞ እስከ ጉልበት የተሳበ ጥቁር ካልሲ በሰንደል። የናሁም አባት የልብ ወዳጅ ናቸው። ደቡብ ሴያትል ውስጥ እሳቸው ሽማግሌ ያልሆኑበት ሰርግ ካለ ሰርግ አይባልም። በጥር ዝናብ ሜክሲኮ ድረስ የሚበረረው እኮ ሐበሻ እንዳያይ ነው! በመጀመሪያው ጠዋት ከሐበሻም ሐበሻ፣ ጋሽ አበጀ።

«ከዴንቨር ናት» ብሎ ጨመረ ናሁም፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«የማንአልሞሽ ልጅ!» ጋሽ አበጀ ጉንጯን ሳሙ። ስሟን እንኳን አልጠየቁም፣ ዴንቨር ያለችው የናሁም አክስት፣ የማንአልሞሽ ልጅ መሆኗ በቃቸው። «ሕፃን ሆነሽ ነው የማውቅሽ እኮ! እንዴት ነው የዴንቨር ብርድ፣ የኔ ልጅ?»

ልዕልት ዴንቨርን ረግጣ አታውቅም። ናሁምን አየችው። እሱ አሸዋ ያያል።

«ብርዱስ ይለመዳል፣ ጋሼ» አለች። «ሰው ነው የማይለመደው።»

«እንግዲህ ልጆች፣ እኔንም እዚህ አየነው እንዳትሉ» አሉ ጋሽ አበጀ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለሰበካው ኮሚቴ ለጉልበቴ ሕክምና ሄጃለሁ ነው ያልኩት። ቀሲስ ፍቅረ ሥላሴ በቁምጣ መታየቴን ከሰሙ አለቀልኝ።»

እንግዲህ ልዕልትን ካላወቃችኋት እወቋት፣ የማትንቀው ነገር የለም። ናሁምንማ ገና የተገናኙ ቀን ነው የናቀችው። ሬኒየር ቢች፣ ኮሚዩኒቲ ሴንተሩ ውስጥ የሰው ልደት ነበር፤ መኪናውን ከመኪናዋ ኋላ ፓርክ አድርጎ፣ መውጫ ዘግቶባት ገባ። ዝናብ ላይ ቆማ ስትጠብቅ ጃንጥላ ይዞ እየሮጠ መጣ።

«እናንተ የቤልቪው ሀብታሞች መንጃ ፈቃዱን በስጦታ ነው የሚሰጧችሁ?» አለችው።

ይቅርታ እያለ ጃንጥላውን ሙሉ በሙሉ እሷ ላይ ያዘ። እሱ በሰበሰ። ኢንጂነር ነው፣ ግን ለሁለት ሰው የሚበቃ ጃንጥላ ግማሹን ለራሱ ማድረግ አልመጣለትም። ከዚያ በኋላ ጫማውን ናቀች፣ የተተኮሰ ሸሚዙን ናቀች፣ ከንግግሩ በፊት «አክቿሊ» ማለቱን ናቀች፤ እየናቀች እየናቀች ደግሞ እሱ ካልደወለ እንቅልፍ እምቢ አላት።

ትናንት አመሻሽ ላይ ደግሞ ማዕበሉ አንድ እግር ሰንደሏን ነጠቃት። ናሁም ዋና አይችልም። ግን ከነሸሚዙ ገባ። ወደቀ፣ ተነሣ፣ ጨው ውሃ እየተፋ ሰንደሏን ይዞ ወጣ፤ የባሕር ሣር ጆሮው ላይ ተንጠልጥሎ። አየችው። አያት። እሷ በሆዷ «በቃ፣ ይሄ ነው» ብላ ነበር።

ባሕር ያልፈራ ሰውዬ፣ በነጋታው ካልሲ ፈራ።

ምሳ ላይ ጋሽ አበጀ የተጠበሰ ዓሣ ጋበዟቸው። ሲበሉ ሲበሉ ቆዩና እጃቸውን ጠረጉ።

«ናሁሜ፣ ይቺን ልጅ ለእህቴ ልጅ ለእሴይ ባስባትስ? ባስ ይነዳል፣ ጨዋ ልጅ ነው። አንተ እንደ ወንድሟ ነህና አንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።»

ናሁምን ዓሣው አነቀው። ልዕልት አጠገቧ ያለውን ውሃ እንኳን አላቀበለችውም።

«እ… እናቷን… እንጠይቃለን» አለ ሲተነፍስ።

«ድፍረት አለው ልጁ?» አለች ልዕልት፣ ናሁምን እያየች።

«እሴይ? አንበሳ!»

«እንደሱ ከሆነ ይታሰብበታል፣ ጋሼ። እኔ እንኳን ድመትም ይበቃኝ ነበር።»

የቀሩትን ቀናት አሸዋው ላይ ራቅ ራቅ ብለው ሄዱ፣ እንደ አክስት ልጆች። ስትጠልቅ ለማየት ለመጡላት ፀሐይ ልዕልት ጀርባዋን ሰጠቻት። ሲመለሱ አውሮፕላን ውስጥ ነው ናሁም አፉን የከፈተው።

«ፈራሁ፣ ልዕልቴ። ሳላገባሽ ይዤሽ መሄዴን አባቴ ከሰው ከሚሰማ…»

«እሺ፣ ጓደኛዬ ናት አይባልም? የማገባት ልጅ ናት አይባልም? አንተ ሰባት ቤት ድረስ የማትጋባውን ዘመድ ነው ያደረግከኝ! ከዚህ በላይ መካድ አለ?»

እሷ መስኮቱን አየች። ሴያትል ሲያርፉ ሻንጣዋን ራሷ እየጎተተች ላይት ሬይሉ ባቡር ውስጥ ገባች። ዞር ብላ አላየችም፤ መስታወቱ ላይ ግን ፕላትፎርሙ ላይ ቆሞ ታይቷታል።

ሾርላይን፣ እነሱ ቤት፣ እናቷ በሩ ላይ ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ጠቆርሽ እኮ! ስፖኬን እንዲህ ፀሐይ አለ እንዴ?»

«ሥልጠናው… መስኮት ዳር ነበር የተቀመጥኩት» አለች።

አዎ፣ እቤት የነገረችው የምትሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ለሥልጠና ብርዳማዋ ስፖኬን ከተማ እንደላካት ነው። እሷን ብትጠይቋት ግን የሷ ውሸት ሌላ ነገር ነው።

ናሁም ኮል ያደርጋል፣ አታነሣም። እንዲህ ከርመው አንድ ቀን ቴክስት መጣ፦ «ስላንቺ ለአባቴ ነገርኩት። ሽማግሌ እልካለሁ።» አነበበችና «ፈሪ» አለች። ከዚያ ደግማ አነበበችው። ማታም እንደዚሁ።

እሁድ ከሰዓት ደጁ ተንኳኳ። ልዕልት በኩሽናው መስኮት ስታይ የናሁም መኪና ከመኪናዋ ኋላ ፓርክ ተደርጎ መውጫ ዘግቶባታል። «አይማርም» አለች። እጇ ግን ፀጉሯን ማስተካከል ጀመረ።

ቀሲስ ፍቅረ ሥላሴ ከነመስቀላቸው፣ የናሁም አጎት፣ ከኋላ ደግሞ በሱፍና በከረባት ጋሽ አበጀ ገቡ። የናሁም አባት ናቸው ጋሽ አበጀን የመረጡት። ናሁም መኪናውን እየነዳ፣ መንገዱን ሙሉ እውነቱን ለጋሽ አበጀ ሊነግራቸው አፉን ይከፍታል፣ ቀሲስን በመስታወት ያያል፣ ይዘጋል።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ አባቷ፣ አቶ ወንዳፍራሽ።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ቀሲስ። «ልጅዎን ልዕልትን ለልጃችን ለናሁም እንዲሰጡን…»

ልዕልት ውሃ በትሪ ይዛ ወጣች። ጋሽ አበጀ አዩዋት።

«እግዚኦ! ይቺማ የአክስቱ ልጅ ናት! የማንአልሞሽ ልጅ! ቀሲስ፣ እንሂድ፣ ጉድ ሳይፈላ እንሂድ!»

«የምን አክስት?» አሉ አባቷ። «ማንአልሞሽ የምትባል ሰው አላውቅም! ልጄ እኮ ናት!»

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተ። ናሁም ነው፣ ጃንጥላ የለው፣ በስብሶ።

«አንተ መኪና ውስጥ ቆይ አልተባልክም?» አሉ አጎቱ።

«የአክስቴ ልጅ አይደለችም» አለ። «ጋሽ አበጀን ዋሽቻቸው ነው። የማገባት ልጅ ናት ማለት ሲገባኝ ካድኳት። እሷን ከከለከላችሁኝም መብታችሁ ነው። ግን ይሄ እሷ ፊት መነገር ነበረበት።»

ከፀጉሩ ውሃ ምንጣፉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ልዕልት ለመናቅ ሞከረች። እምቢ አላት።

አባቷ ግን ዝግ ብለው ወደሷ ዞሩ። «ቆይ። እኚህ ሰውዬ ከዚህ በፊት የት ነው ያዩሽ?»

ጋሽ አበጀ ቀሲስን በጎን አይተው ሳል ጀመራቸው፣ ጉልበታቸውን ያሻሉ። ናሁም አፉን ከፈተና አያት፣ ከዚያ ዘጋው። ይሄኛው ውሸት የሱ አይደለም።

«አንቺን እኮ ነው» አሉ አባቷ። «ስፖኬን ነው?»

ልዕልት ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አዎ ብትል የጋሽ አበጀም ቁምጣ ይሸፈናል፣ የሷም ጉድ ይቀበራል፣ ሽማግሌዎቹም ይቀመጣሉ። እውነቱን ብታወጣው አባቷ ሁሉንም ከነናሁም ወደ ዝናቡ ሊመልሷቸው ይችላሉ። ፈሪ ብላ ስትንቀው የከረመችው ሰውዬ ደግሞ፣ እንደዚያን ቀን አሸዋውን ሳይሆን፣ ዛሬ እሷን እያየ ይጠብቃል።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ፣ ምን ትመልሱ ነበር?